አሸንዳው ዝም ባለበት ቀን ስለተደረገው ልኬት

ለተከበሩ የስርጭት ጣቢያዎች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ፣ ከሬዲዮ ማሰራጫው ማማ በብዙ ኪሎ ሜትር ርቃችሁ፣ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከማማው አጥር ሥር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ስለተደረገልን ሁሉ እጅ ነስቼ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ሬዲዮ መግዛት ሳያስፈልገን ዜና እንሰማለን። ዝገት የበላው የጣሪያችን አሸንዳ የማማውን ስርጭት እየሳበ ከንጋት ጀምሮ በቀጭን ድምፅ ያወራል፤ ባለቤቴም ልብስ ስታሰጣ የማስጫው ሽቦ እንደ ኤሌክትሪክ ጣቷን ይቆነጥጣታል።

ሁለተኛ፣ ትልቋ ልጄ በዘጠኝ ዓመቷ በደም ካንሰር አረፈች። ማማው ገደላት አልልም፤ ሐኪሙም በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም ብሎኛል። ታናሿ በዚያው አልጋ ላይ ስለምትተኛ፣ ወደ ቤታችን የሚገባው ጨረር ይለካልን ብዬ ብቻ ነው የለመንኩት። ሦስት ማመልከቻ ጽፌ መልስ ሳጣም አልተቀየምኩም፤ ሥራ በዝቶብዎ ነው ብዬ በእርስዎ ፈንታ ለራሴ አስረዳሁ።

ሦስተኛ፣ በአራተኛው ማመልከቻ ባለሙያ ላኩልን፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሰውዬው መሣሪያውን በልጄ አልጋ ላይ አስቀምጦ ሲለካ አሸንዳው ረፋዱን ሙሉ ትንፍሽ አላለም። ማሰራጫው ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። መኪናው ከመንገዱ እንደታጠፈ አሸንዳው ወሬውን ቀጠለ። በሳምንቱ «ከአደጋ ነፃ» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ባለ አራት ገጽ ሪፖርት ደረሰን። እጁን በጠፋ ምድጃ ላይ አኑሮ እሳት አያቃጥልም ብሎ የሚፈርም መሥሪያ ቤት ስላለን ደስ ብሎናል።

ክቡር ሆይ፣ ማሰራጫው በርቶ ሳለ እንደገና ይለካልን። አንዷን ቀብሬያለሁ፤ ሌላዋን ለመቅበር ግን አቅሙ የለኝም። ልመናዬ ድፍረት ከመሰለ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ ይህን የምጽፈው እየፈራሁ ነው።

የሪፖርትዎን ንጽሕና፣ የማኅተምዎን ድምቀትና የባለሙያዎን የቀን ምርጫ እያደነቅሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ከማማዎ ሥር አንገቱን ደፍቶ የሚኖረው
ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ ባለሙያዎ ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ በር ላይ ወደ ባለቤቴ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ዘመድ ካለሽ ትንሿን ከዚህ አርቂያት» ብሏት ሄደ። ሪፖርቱን ደጋግመን አነበብነው፤ ይህን ምክር ግን ከአራቱ ገጾች በአንዱም ላይ አላገኘነውም።