ጠዋት ደፍርሶ ከሰዓት ስለሚጠራው ብልቃጥና ስለ ቢሻው መታሰር

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ አዱኛ፣ የኬላችን የፍተሻ ኃላፊ፤
መተማ፣ ጥቅምት ፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የቆላው ሙቀት ሳይበግርዎት፣ የወባ ትንኝ ሳትደፍርዎት፣ በተለይም ሆድዎ ሳይረበሽ ይህች ደብዳቤ እንድትደርስዎት ከልብ እመኛለሁ። ሆድዎን ለብቻው መጠየቄ ምክንያት አለው፤ ከታች እመለስበታለሁ። እኔ የሽንፋው ገበሬ የአቶ ሰጠኝ ልጅ ውባንች ነኝ፤ በምሥራቅ ጀርመን ኬሚስትሪ እማራለሁ። ደብዳቤዬን በገበሬ ማኅበሩ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት በእጅዎ ብሰጥዎት ይህንንም ማስረጃ ነው ብለው እንዳይቆልፉበት ሰግቼ ነው።

ነገሩን ላልሰማ ሰው ላስረዳ። አባቴ በላከልኝ ደብዳቤ ሁሉ «ለመሆኑ ምንድን ነው የምትማሪው?» እያለ ስለነዘነዘኝ፣ ለእረፍት ስመጣ የማጠናውን ነገር በሁለት ትንንሽ ብልቃጦች ይዤለት መጣሁ። በመዳፉ ሲያሞቀው ሲጠራ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ሲደፈርስ አይቶ «በይ እንግዲህ! ለዚህ ነው አራት ዓመት?» ብሎ ሳቀብኝ። ስመለስ ግን ኬላው ላይ ከእርስዎ እጅ ወደቅሁ። ብልቃጦቹን ወስደው መጀመሪያ የሱዳን ሽቶ ነው አሉ፤ ቢያሸቱት አልሸት ሲልዎት የሱዳን አረቄ ነው አሉና ጥበቃውን ቢሻውን ዘብ አቆሙበት። ጠዋት «ወተት የመሰለ» ብለው መዘገቡ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢያዩት እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል። ያኔ ቢሻው አረቄውን ጠጥቶ ውሃ ሞላበት ብለው በኢኮኖሚ ሻጥር አሰሩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እርስዎ መቼም አይመነጠሩም። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ንቃትዎ አመሰግናለሁ። ብልቃጡ ክዳን የለውም፤ አፉ በእሳት ቀልጦ ተደፍኗል። ሳይሰብር የጠጣ፣ ሳይሰብር ውሃ የሞላ ሰው ካለ መታሰር ሳይሆን ጀርመን ተልኮ እኛን ተማሪዎችን ማስተማር ነበረበት።

ሁለተኛ፣ ለሳይንስ ስላበረከቱት አስተዋጽኦ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው አረቄ ሳይሆን የሳሙና ዘመድ ነው፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ራሷ ጨው፣ ጅራቷ ቅባት ናት። ቀዝቀዝ ሲል እንደ ፈሳሽ ይፈሳል፣ ግን ቅንጣቶቹ ተደግፎ እንደቆመ የሰሊጥ ነዶ ሁሉም ራሳቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አቅንተው ነው። ያን ጊዜ ብርሃን ስለሚበትን ደፍርሶ ይታያል፤ ሲሞቅ ሰልፉ ይፈርስና ጥርት ይላል። ሰልፉን በዓይን ማየት ስለማይቻል እኛ ብልቃጡን ትልቅ ማግኔት ውስጥ አስገብተን በራዲዮ ሞገድ እንጠይቀዋለን። ተሰልፈው ከሆነ መልሱ ወረቀት ላይ ሁለት ተራርቀው የቆሙ ጫፎች ሆኖ ይመጣል፤ በተራራቁ ቁጥር ሰልፉ የጠበቀ ነው፤ ሲሞቅ ይቀራረባሉ፣ ሰልፉ ሲፈርስ አንድ ይሆናሉ። እኔ ይህን ስለካ ዓመታት ፈጀሁ። እርስዎ ግን ያለ ማግኔት፣ በቢሮዎ ቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት ብቻ፣ ሰልፉ የሚፈርስበትን ሰዓት በየቀኑ መዝግበዋል። ፕሮፌሰሬ ቢሰሙ ቅናት ይገድላቸዋል።

ሦስተኛ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶች፤ የእኔ ብልቃጥ ግን ሲነጋ ይደፈርሳል። ቢሻው ከታሰረ በኋላም ቀን እየጠራ ሌሊት መደፍረሱን ባዩ ጊዜ፣ ግብረ አበሮቹ ሌሊት ሌሊት አረቄውን እየመለሱ ነው ብለው ዘቡን በእጥፍ አሳደጉ። የወሰደውን ጎህ ሳይቀድ የሚመልስ ሌባ በአገራችን መፈጠሩ ያኮራል።

አራተኛውን ስጽፍ ግን ሳቄ ይጠፋብኛል። የቢሻው ሰሊጥ ደርሷል። እርስዎም የቆላ ሰው ነዎትና ያውቁታል፤ ሰሊጥ አንዴ አፉን ከከፈተ ለወፍና ለጉንዳን ተዘራ ማለት ነው። ሚስቱ ሀብትነሽ ጠዋት ማሳ፣ ቀትር እስር ቤት፣ ማታ ደግሞ ማሳ እየተመላለሰች ብቻዋን ታጭዳለች። የዓመት ልፋታቸው መሬት ላይ ሊረግፍ ነው፤ ያውም ብልቃጥ ስለሞቀ! ይህ ያናድደኛል ጓድ፣ በጣም ያናድደኛል።

ስለዚህ ነገ ቀትር ላይ ስብሰባ ጠርተው በሕዝብ ፊት ብልቃጡን ከእንስራ በተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ይንከሩት። ያለ ሌሊት፣ ያለ ግብረ አበር ዓይንዎ እያየ ከደፈረሰ ቢሻውን ፈትተው ማጭዱን ያስይዙት። ካልደፈረሰ እኔን በእሱ ቦታ ይሰሩኝ፤ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ።

ቅንጣት ሁሉ በቀዝቃዛ ሰዓት እንደሚሰለፍ የእርስዎም ሐሳብ ቀዝቀዝ ሲል እንደሚሰለፍ ተስፋ በማድረግ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ ውባንች ሰጠኝ

ማስታወሻ፦ ኬላው ወንፊት ነው፣ ወሬ አይቋጥርም። ከሁለቱ ብልቃጦች አንዱ ሐሙስ ዕለት አንገቱ ተሰብሮ ባዶውን ተገኘ አሉ፤ ያን ዕለት ቢሻው እስር ቤት ነበር፣ ቁልፉም በእርስዎ ኪስ። በማግስቱ እርስዎ «ሆዴን!» ብለው ከሥራ ቀሩ። አይዞዎት፣ አይገድልም፤ ውሃ ያብዙ። የሳሙና ዘመድ የጠጣ ሰው ግን አፉ ለጥቂት ቀን ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሀብትነሽ ምሳ ስታደርስ የባሏን አፍ አሽትታልኛለች፤ የሚሸተው ሽንኩርት ብቻ ነው። ነገ በስብሰባው ላይ የቀረነውም ተራ በተራ እንሸተት።