ልጃቸውን መልሰው የላኩ፣ ባሎችን ያስተማሩ፦ መምህር አካለ ወልድ የኔሰው (1946–2018 ዓ.ም.)

መምህር አካለ ወልድ የኔሰውን ልጃቸው ስርጉት ይቅር ብላቸው ነበር ወይ? ይህን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀነው ቤተሰቦቻቸው መልሱን እስካሁን አናውቅም። እሳቸውም ሳያውቁ ሄደዋል።

መምህር አካለ ወልድ ከአባታቸው ከመሪጌታ የኔሰው ባንተአምላክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርነሽ ተሰማ መጋቢት 12 ቀን 1946 ዓ.ም. በቢቸና ከተማ ተወለዱ። ከአባታቸው ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ፤ ቅኔም ጀምረው ነበር። በኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ገብተው በ1966 ዓ.ም. በመምህርነት ተመረቁ። በጉንደ ወይን ስድስት ዓመት፣ ከዚያም በቢቸና ረጅም ዘመን አማርኛ አስተምረዋል።

በ1969 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ጋር ጋብቻ መሥርተው ባንተአምላክን፣ ስርጉትንና እዮብን ወልደዋል። ሚስታቸውን አንድም ቀን አልመቱም። እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ባለን። ነገር ግን እሳቸው ራሳቸው «ስሞት የስርጉት ነገር እንዳይዘለል» ብለው አዘዋል።

መምህር የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። የተመታች ሚስት ወደ ወላጆቿ ስትሄድ ባል ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌ የሚመሰገነውም ፀሐይ ሳትጠልቅ ከመለሳት ነው። እሳቸው በዚህ የታወቁ ነበሩ። ስርጉት በ1995 ዓ.ም. ሞጣ ተዳረች። በጥቅምት 1999 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ ፊቷ አብጦ ቢቸና መጣች።

«አባዬ፣ ዛሬን ብቻ ልደር» አለቻቸው።

«ካደርሽ ወሬ ይሆናል። ተነሽ፣ ልጄ» አሏት፤ በአውቶቡስ ይዘዋት ሄደው ለባሏ አስረከቧት። ባሏም «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» አለ። መምህር ሰይጣንን ረግመው፣ የቀረበላቸውን ምሳ በልተው ተመለሱ።

በሦስተኛው ሳምንት ስርጉት የግራ ጆሮዋ ደንቁሮ፣ የአራት ወር ፅንሷ ወርዶ ሆስፒታል ገባች። ስትወጣ ወደ ቢቸና አልመጣችም። የዓባይን ድልድይ ተሻግራ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ቤሩት ሄደች። ከእናቷም ጋር ቢሆን አልተነጋገረችም።

መምህር ሽምግልናውን ተዉ። በ2001 ዓ.ም. ወደ ሞጣ ተዛውረው፣ ከጨርቅ ነጋዴው ከአቶ ሙሐመድጣሂር ጋር ሚስቶቻቸውን የሚመቱ ወንዶችን እሑድ እሑድ ከሱቁ ጓሮ ሰብስበው ማነጋገር ጀመሩ። በእነሱ ዘንድ ሴትዮዋ «ተመለሽ» አትባልም። ባል ያደረገውን በገዛ አፉ ይናገራል፤ ሰይጣንን ከጠራ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። «ሰይጣን ሞጣ ውስጥ ቤት የለውም። ቤቱ ያንተ ነው፤ አንተ የት ነበርህ?» ይሉት ነበር። ክርስቲያኑን የንስሐ አባቱ፣ ሙስሊሙን ኢማሙ ይከታተሉታል። መምታቱን ተወ የሚባለው ግን ሚስቱ አብራቸው ለምትሠራው ለነርስ ጸደንያ ለብቻዋ ስትናገር ብቻ ነው። ለሕይወቷ የምትሰጋ ሴት ስትኖር ጉዳዩን ለፖሊስ ያስታውቁ ነበር።

ገበያተኛው «የባሎች ትምህርት ቤት» እያለ ሳቀባቸው። አንዱ «መምህር፣ በስንት ዓመት ነው የሚመረቀው?» ቢላቸው፣ «እንጃ፣ እኔም አልተመረቅሁ» አሉት። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር አስቀድመው ያን የአውቶቡስ ጉዞ ይነግሩት ነበር።

በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰው ልጃቸው እዮብ ይህ ሁሉ ንግግር እጅ ማስቆሙን ተጠራጠረ። «ከእኔ አትስማ፤ ሴቶቹን ጠይቅ» አሉት። በነርስ ጸደንያ በኩል ሠላሳ አንድ ሴቶች ተጠየቁ። አሥራ ዘጠኙ ቆሟል አሉ። ሰባቱ ዱላው ቆሞ ስድቡ እንዳልቆመ ተናገሩ። አምስቱ ዝም አሉ። መምህር ስለ አሥራ ዘጠኙ አንድም ቃል አልተናገሩም። «እነዚያ አምስቱ የማን ልጆች ናቸው?» ብለው ጠየቁ፤ በማግሥቱም ወላጆቻቸውን ፍለጋ ወጡ። የሁለቱ ወላጆች በራቸውን ከፍተው ልጆቻቸውን አሳደሩ።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ቢወጡም እሑዳቸውን አልተዉም። ባለፈው ዓመት በጉበታቸው ላይ ካንሰር ተገኘ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች ትተዋል። በሕመማቸው ወቅት ያልተለዩንን ሁሉ፣ በተለይም አቶ ሙሐመድጣሂርን እናመሰግናለን። የነፍሳቸውን ነገር ለማይሳሳተው ዳኛ ትተናል፤ ምሕረቱ ትቅደማቸው።

ታኅሣሥ 20 ቀን የስርጉት አዲስ ስልክ ቁጥር ተገኝቶ ነበር። መምህር ድምፃቸው እየደከመ ይህን ቀድተው ላኩላት፦ «ስርጉት፣ አባትሽ ነኝ። ሐኪሞቹ ጊዜ የለህም ብለውኛል። ለቀብሬ ነይ አልልሽም። ደኅና መሆንሽን ብቻ ለእናትሽ ንገሪያት።»

መልእክቱ እንደተከፈተ ስልኩ ያሳያል። መልስ አልመጣም።