ሦስተኛው መርፌ

ውድ ልጄ ሮሐ፣

ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እጄ የለመደው ነጠላ መቋጨት ነው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ እንደ ድሮሽ አትሳቂብኝ።

ሆስፒታል ተኝተሽ፣ ዓይንሽ ቢጫ ሆኖ ሳለ ያልኩሽ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። "የጉበቱን ክትባት ሦስተኛውን ዘለልሽው አይደል? መርፌ ስትፈሪ!"

"ኧረ እማ፣ ሦስቱንም ተወግቻለሁ። ካርዴን እዪው።"

ካርዱንም አላመንኩ። ከታቢዎች ሰፈራችን በመጡ ቁጥር በጎረቤታችን በሸማኔው በጋሽ ወልዱ የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ትደበቂ የነበርሽ ልጅ፣ ነርስ ስለሆንሽ ፍርሃትሽ ይለቅሻል ብዬ እንዴት ልመን? ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። በማግስቱ አጣሁሽ።

አርባሽ ካለፈ በኋላ የሥራ ጓደኛሽ ሲስተር ቡርቱካን መጣች። "እትዬ አፀደ፣ ሮሐ አልዋሸችም። ሦስተኛውን የወጋኋት እኔ ነኝ። ዓይኗን ጨፍና 'ቶሎ በይ፣ አንቺ ጨካኝ!' እያለችኝ።" ሳቋና እንባዋ አብረው መጡ።

ክትባቱ አብዛኛውን ሰው ይጠብቃል አለችኝ። የአንዳንዱ ሰው አካል ግን ከወላጆቹ በወረሰው ተፈጥሮ የተነሳ ተከትቦም መከላከያውን አይሠራም፤ ደሙ ካልተመረመረ ደግሞ አይታወቅም። ለዚህ ነው ሥራ ላይ የጉበት በሽተኛ የተወጋበት መርፌ ጣትሽን ሲወጋሽ "ተከትቤያለሁ" ብለሽ ሳትታከሚ የተውሽው።

"ከማን ወረሰችው?" አልኳት።

"እሱን እንኳ ማወቅ አይቻልም፣ እትዬ።"

እኔ ግን ሄጄ ተከተብኩ። በስድስት ወር ሦስቱንም ጨርሼ ደሜን ሰጠሁ። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ "አዝናለሁ እናቴ፣ ምንም መከላከያ የለም። በዕድሜዎም ሊሆን ይችላል። እንደገና እንከትብዎታለን፤ በሁለተኛው ዙር የሚሳካላቸው ብዙ ናቸው" አለኝ።

ወረቀቱን አገላብጬ ሳምኩት። ሰውየው ግራ ገባው።

ልጄ፣ ለካ ሦስት ጊዜ ተወግቶም እንዲህ ይሆናል። በራሴ ክንድ አየሁት። ካርድሽን ሳይ ማመን ነበረብኝ፤ ይቅር በይኝ።

ታናሽሽ ልዩ ዘንድሮ ነርሲንግ ጀምራለች። ተከትባ ስትጨርስ፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት ደሟ እንዲታይ ይዣት የምሄደው እኔው ነኝ። የእኔ ሁለተኛ ዙር ሰኞ ይጀመራል፤ የምትወጋኝ ቡርቱካን ናት። ዓይኔን ጨፍኜ "ቶሎ በይ፣ አንቺ ጨካኝ!" እላታለሁ።

ዘግይታ ያመነችሽ እናትሽ፣
አፀደ
ጉለሌ