ዜሮ ስለተጠየቀበት የባሕር ውኃ

ለተከበሩ የውኃ ጥራት ቁጥጥር መምሪያ ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤና እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እኔ፣ የመምሪያዎ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን፣ ደህና ነኝ ለማለት ጠዋት መመርመሪያ ቱቦው የሚያሳየውን ቀለም እስካይ መጠበቅ ይኖርብኛል።

ከሦስት ወር በፊት ደንበኞች ወረፋ በሚጠብቁበት አዳራሽ የባሕር ውኃ ገንዳ አስተክለው፣ ሁለት ዓሦችና ኮራል የሚባሉ፣ አጽማቸው ድንጋይ የሆነ ሰባት ባለቀለም የባሕር እንስሳት አስገብተው፣ ኃላፊነቱን ለእኔ ስለሰጡኝ ሳላመሰግን አላልፍም። ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. ለገንዳው የተለየ ቅጽ ማዘጋጀት ሳያስፈልግ የመጠጥ ውኃ ቅጻችን እንዲሞላለት ስላዘዙ አመሰግናለሁ። በዚያ ቅጽ ከቆሻሻ የሚመጡት ናይትሬትና ፎስፌት ወደ ዜሮ በቀረቡ ቁጥር ውኃው ይመሰገናል። ሰው ለሚጠጣው ውኃ ትክክል ነው። ኮራል ግን ይኖርበታል እንጂ አይጠጣውም፤ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ካላገኘ ይራባል። ይህን በቃል ነግሬዎት ነበር። “ባለሙያ ሆነህ ለቆሻሻ ጥብቅና ትቆማለህ?” ብለው ሲስቁ አብሬ ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ እስካሁን አላወቅሁም።

፪. ናይትሬት በሊትር አምስት ሚሊግራም ሆኖ ስለመዘገብኩት ለጻፉልኝ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ወደ ሁለት ከወረደም በኋላ ለጻፉልኝ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሦስተኛው ስንብት መሆኑን ደንቡን ሳልገልጥ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ናይትሬቱ የሚመጣበትን የዓሦቹን ምግብ ቀነስኩ። ፎስፌት የሚመጥ ከረጢት ማጣሪያው ውስጥ ጨመርኩ። ዜሮ መጣ። ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። እርስዎም በኅዳጉ ላይ “ይበል የሚያሰኝ ውጤት” ብለው በቀይ እስክሪብቶ ጻፉልኝ።

፫. ይህን ተራ ቁጥር ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ኮራሎቹ እየነጡ ነው። አሸዋው ላይ ቡናማ ልጋግ ተነጥፏል፤ ስጠርገው በማግሥቱ ይመለሳል። የሚሻማው ነገር በሌለበት ባዶ ውኃ እንዲህ ያለው ልጋግ እንደሚፋፋ አንብቤያለሁ። አዳራሹን የሚያጸዱት እናት መስታወቱን እየወለወሉ፣ “ልጄ፣ እነዚህ ነገሮች ፊታቸው ገረጣ እኮ፤ ርቧቸው ነው ወይስ አኩርፈውህ?” አሉኝ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መወልወያውን ተቀብዬ መስታወቱን ወለወልኩ። መልሱ ነበረኝ።

፬. ሰኞ የበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ስለሚጎበኙን፣ ውኃው ይበልጥ እንዲጠራ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ከረጢት እንዲገባ በጽሑፍ አዘዋል። ከገባ እስከ ሰኞ ሰባቱም ባዶ ድንጋይ የሚሆኑ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው የምለው፤ የማረጋግጠው ከሞቱ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቅጾቹ ይወጣሉ። በሁሉም ላይ ዜሮ፣ በሁሉም ላይ የእኔ ፊርማ። እርስዎ ያዘዙት ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው።

ስለሆነም ናይትሬቱ ቀስ ብሎ፣ በሳምንታት ውስጥ፣ ወደ አምስት እንዲመለስ፣ ፎስፌቱም ከዜሮ ትንሽ ከፍ እንዲል ይፈቅዱልኝ ዘንድ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ለጥራት ያለዎትን ፍቅር በቅርብ የቀመስኩ፣ ሥራዬን የምወድ፣ እርስዎን ደግሞ ሥራዬን ከምወደው በላይ የምፈራ፣

የላቦራቶሪ ቴክኒሺያንዎ

ግልባጭ፦ ለአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፈቃድዎን መጠበቅ አልቻልኩም። ሁለተኛውን ከረጢት አላስገባሁም፤ የመጀመሪያውንም ዛሬ ጠዋት አውጥቼ፣ በፕላስቲክ አሽጌ፣ ጸሐፊዎ ዘንድ አስቀምጬልዎታለሁ። ዓሦቹም በደንብ በልተዋል። ሦስተኛውን ማስጠንቀቂያ ሲፈርሙ ቱቦውን የሚይዝ ሌላ ሰው በመምሪያው ስለማይኖር፣ የቱቦውን ቀለም ወደ ቁጥር የሚተረጉመውን ሰንጠረዥ አነባበብ ጽፌ ገንዳው ላይ ለጥፌልዎታለሁ። ቀለም የሌለው ቱቦ ዜሮ ነው። በስሕተት የነጡትን ኮራሎች እንዳያነቡ።