መልሱን ያወቀው ውሃ

ውድ ጋሽ ጠብታ፣

ይህን ስም ያወጣሁልዎት እኔ ነኝ፤ ቤተ ሙከራችን ውስጥ አንዲት ጠብታ ሳያዛንፉ ይለኩ ስለነበር። ዛሬ ስሙን ስጽፈው አፍራለሁ።

ዓርብ ጠዋት ጡረታ ስወጣ ዩኒቨርሲቲው ሊሸልመኝ ነው። የሚሸልመኝም አብረን በሠራነው፣ ዲ ኤን ኤ እንደ ኮምፒውተር ሆኖ፣ ብልቃጥ ውስጥ አንድ ፖስተኛ ከተሞቹን ሁሉ የሚያዳርስበትን አጭር መንገድ ባሰላበት ሙከራ ነው። የየብልቃጡ መልስ በመስመር የሚታይበት የውጤቱ ፎቶ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ሃያ ሁለት ዓመት አንገቴን ደፍቼ አልፌዋለሁ።

ያን ቀን ያስታውሳሉ? ለማመሳከሪያ ያስቀመጥነው፣ ንጹሕ ውሃ ብቻ ያለበት፣ ምንም መልስ መስጠት የማይገባው ብልቃጥም መልስ ሰጠ። በሩ ላይ ቆመው፣ «ዶክተር፣ ውሃውም እኮ መልሱን ያውቃል! አንድ የተበላሸ ነገር አለ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እጅዎ አርጅቷል። ውሃ ደግሞ ምን ያውቃል?» ብዬ ሳቅሁ። ለኃላፊውም ይህንኑ ነገርኩት። በሳምንቱ ከቤተ ሙከራ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩዎት።

እውነቱ ይኸውልዎ። ያን ጠዋት እርስዎ ሳይገቡ፣ ቸኩዬ፣ ዲ ኤን ኤውን በቀዳሁበት መቅጃ፣ በዚያው ፒፔት፣ ውሃውንም ቀዳሁ። ጫፉን መቀየር ሲገባኝ አለቀለቅሁት ብቻ። የኮምፒውተር ሰው ነኝ፤ ሰርዤ ያጠፋሁት ነገር የጠፋ ይመስለኛል። ጥፋቱ የኔ መሆኑ የገባኝ እርስዎ ከተዛወሩ በሦስተኛው ቀን ነው። ጽሑፉ ሊታተም ነበር። ፎቶው ላይ የውሃው መስመር ዳር ላይ ስለነበር ከሚታተመው ቅጂ ቆርጬ አወጣሁት።

ከዚያ ወዲያ ዕድሜዬን ሙሉ ምን ሳስተምር እንደኖርኩ ያውቃሉ? ጥሩ ማሽን ጥያቄ ተቀብሎ በሩን አይዘጋም፤ እየሠራ ከውጭ የሚነገረውን ይሰማል፣ ይታረማል እያልኩ። ተማሪዎቹ ሲያጨበጭቡ ቶሎ ከክፍሉ እወጣለሁ።

ሙከራውን ሌሎች ደግመውት ትክክል ሆኖ ተገኝቷል፤ ዝም ብል ማንም አያውቅም። ከእርስዎ በቀር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ ንጋት ግን አላስተኛ አለኝ።

አዘጋጆቹ ለመድረኩ ፎቶውን ጠይቀውኝ ነበር። ዛሬ ሙሉውን፣ ያልተቆረጠውን ሰጠኋቸው። ሽልማቱን ይነሱኝ ይሆናል፣ ስሜንም ያጠፉት ይሆናል፣ አላውቅም። ልጆቼም እዚያው ይቀመጣሉ።

ይምጡ ለማለት ፊት የለኝም። ከመጡ ግን የፊት ወንበር ይዤልዎታለሁ። የርስዎ ነገር ላይ ስደርስ አፌ ከተሳሰረ፣ እንደዚያን ቀን ተነሥተው ይናገሩ። እሰማዎታለሁ።

እጅዎን ያለ ዕድሜው ያስረጀችው፣
ዶክተርዎ