ከረክ የሚወጣበት ሰዓት

እሑድ፣ መስከረም 16

ወንድዬ፣ ውሻህ ከረክ ዛሬ ደግሞ የግራ ነጠላ ጫማህን በላው። የቀኙን ሐሙስ ዕለት ጨርሶታል። ብትመጣ ምን እንደምትጫማ እንጃ...

አረብ አገር እሑድም ትምህርት አይደል፣ የሒሳብ ፈተና ነበረን። ደህና የሠራሁ ይመስለኛል። ስመለስ ከረክ ገመዱን በአፉ ይዞ በር ላይ ቆሟል። እንዴት ላስረዳው? እማዬ ከአደጋው ወዲህ በጨለማ መውጣት ከልክላኛለች። ያቺ መኪና የገጨችህ ጎህ ሳይቀድ እሱን ስታሮጥ ነዋ።

"የሚያበራውን ሰደርያ ለብሼ ልውጣ" አልኳት። የመለሰልኝ አባዬ ነው።

"ወንድምህም ለብሶት ነበር።"

ማክሰኞ፣ መስከረም 18

ሲጮህ ዋለ። ሠራተኛዋ ሸሪፋ ከማዳም ኩሽና ብቅ አለች። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ውሻ እንደ ማዳም ሆነብኝ እኮ! ቀኑን ሙሉ ይጣራል፣ ስመጣለት ምን እንደፈለገ አያውቀውም።"

ሳቅኩ። መሳቄ ራሴን አስደነገጠኝ።

የማዳም ባል ባባ ግን አልሳቀም። አባዬን የሚሾፍርለት መኪና ጋ ጠርቶ "ኃይሌ፣ አንድ ቀን ደግሞ ቢጮህ ኸላስ፣ አበቃለት፣ ከዚህ ይወጣል" አለው። ግቢው የእሱ። የምንኖርባት ክፍልም የእሱ። አባዬ ምን ይበል? አንተ እያለህ ድምፁም አይሰማም ነበር። ሮጦ ሲመጣ ቀኑን ሙሉ ይተኛ ነበር።

ረቡዕ፣ መስከረም 19

ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ ይዤው ወጣሁ። ማንንም አልጠየቅኩም። ፀሐይዋ እስክትበርድ ብጠብቅ ይጨልማል...

መጀመሪያ ሮጠ። እንዴት እንደሮጠ ብታይ! መስጊዱ ጋ ስንደርስ እግሩን ማንሳት ጀመረ። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ጨዋታ መሰለኝ። እኔ እንደሆንኩ ወፍራም ጫማ አድርጌያለሁ፣ የአስፋልቱ ሙቀት መች ተሰማኝ?

ሣር ያለው ፓርኩ ውስጥ ብቻ ነው። ዘበኛው "ውሻ ክልክል ነው፣ ያላ፣ ሂዱ!" አለ። የከረክን መዳፍ ገልብጬ አሳየሁት። አየው። ማየቱንስ አየው... በሩን ግን አልለቀቀም።

ተሸክሜው መጣሁ። የመዳፉ ቆዳ ተልጧል። ሸሪፋ ቀዝቃዛ ውሃ አምጥታ "አፉን ያዝልኝ፣ ለሶላት ታጥቤ ውዱእ አለኝ፣ እንዳይልሰኝ" አለች። ላሳት። "በቃ፣ አበላሸው" አለችና ሳፋውን እንደያዘች ቁጭ አለች።

ሰኞ፣ መስከረም 24

እግሩ እየዳነ ነው። አይወጣም። ይጮሃል። እማዬ ሲጮህ ጆሮዋን ትይዛለች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 5

አርባህ ዛሬ ነበር። ሰው በሰው ሆነ፤ ክፍሏ አልበቃ ብላ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈ። ባባ ራሱ ውሃ በካርቶን ላከ።

ጸሎቱ ሲያበቃ እማዬ ልብስህን አወጣች። ለተቸገረ ይሰጥ ብላ። መንገሻ የሚባል ሰው ከአል አስማኽ ሰፈር መጥቶ ነበር። አዲስ ሹግል አግኝቷል፣ ከከተማ ውጭ የፍየል እርባታ የመጠበቅ ሥራ። ጃኬትህን ለበሰው። ሰፋው።

ከዚያ እማዬ የከረክን ገመድ ልብሱ ላይ አስቀመጠች።

"ይሄም የእሱ ነው።"

"እማዬ፣ ከረክ ዕቃ አይደለም!"

"ልጄ... ያን ቀን ጠዋት ብቻውን መጥቶ በር ላይ ሲጮህ ነው የምሰማው። ሁልጊዜ። ዛሬም።"

አባዬን አየሁት፤ ወደ መሬት አየ።

መንገሻን "ታሮጠዋለህ?" አልኩት።

"ፍየል ይጠብቃል" አለ።

ከረክ ደስ ብሎት ነው የሄደው። ገመዱን ሲያይ የሚወጣ መስሎታል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 6

ጎህ ሳይቀድ ነቃሁ። ጸጥ ብሏል። እማዬ ተኝታለች። ወንድሜ ወንድወሰን ከሞተ ወዲህ በዚህ ሰዓት ተኝታ አይቻት አላውቅም።

ግቢው ውስጥ ቆሜ መንገሻ ጋ ደወልኩ።

"ምነው ወንድሜ፣ ደህና?"

"ፀሐይ ሳትወጣ አውጣው። መጀመሪያ መሬቱን በእጅህ ንካው፣ ካቃጠለህ እንዳታወጣው። ውሃም ያዝ።"

"ገና አልለመደም፣ ከፈታሁት ይጠፋል። አስሬዋለሁ።"

"ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግልኝ።"

"ለውሻ?" ሳቀ። አደረገለት ግን።

"ከረክ" አልኩት።

ሰንሰለት ተንኳኳ። ከዚያ መጎተት ጀመረ። ጎተተ፣ ጎተተ... "ኧረ አንገቱን ሊቆርጥ ነው!" አለ መንገሻ።

"ተኛ" አልኩት። "ተኛ፣ የኔ ጎበዝ። ተኛ።"

ሰንሰለቱ ዝም እስኪል ጠበቅኩ። ስልኩን ዘጋሁት። ገብቼ እኔም ተኛሁ።