በመገጭ ዳር ሰው የለም ላሉት ሹም

ጎንደር፣ አራዳ፤ የካቲት ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ወልደ ዮሐንስ በላቸው፣
የመገጭ ወንዝ የመብራት ኃይል ጥናት ዋና ሹም

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልሁ እጅ እነሣለሁ። ይልቁንም አናትዎ እንዴት ነው? የየካቲት ፀሐይ ይበሳልና፣ ስለ እርስዎ አናት ሳስብ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት በአራዳው ስብሰባ ስለ ወንዛችን ያስጠኑት ጥናት ሲነበብ ከኋላ ቆሜ ሰምቻለሁ። ተወልጄ ስላደግሁበት ወንዝ ይህን ያህል የማላውቀው ነገር መኖሩን ስላሳዩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም እንደ እኔ ላለው ቶሎ ለማይገባው ሰው ያብራሩልኝ ዘንድ ጥቂት ነገር በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ከባሕር ማዶ ያስመጧቸው የባህል ሊቅ፣ የወንዙ ዳር ሰዎች በድንኳን የሚኖሩ ዘላኖች እንደሆኑ፣ ነጭ ለብሰው እየዘመሩ እንደሚመጡ፣ አንድ ሌሊት አድረውም ድንኳናቸውን ነቅለው ወዳልታወቀ ስፍራ እንደሚሄዱ ጽፈዋል። ክቡር ሆይ፣ ያ ቀን ጥምቀት ነበር። ድንኳኑ የታቦቱ ማደሪያ ነው፤ ያልታወቀውም ስፍራ ከኮረብታው ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ናት። በእንግዳው አልፈርድም፤ አገራቸው አይደለም። እርስዎ ግን በየዓመቱ ጠበል እየተረጩ ያደጉ የክርስቲያን ልጅ ሆነው ሳለ ከዚህ ጽሑፍ ሥር በመፈረምዎ፣ ብዕርዎ ዓይንዎን እንዴት እንደሚቀድመው አድንቄያለሁ።

፪ኛ፤ የመገጭ ዓሣ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይተኛል ተብሏል። በዚያው ሰሞን የመንደሩ ጎረምሶች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ወንዙ ውስጥ በመጨመር ዓሣውን አስክረውት ነበር። ሊቃውንትዎም ከዚያው ውሃ ጠጥተው እንደሆነ አላውቅም።

፫ኛው ግን አያስቅም። ሰዎቹ ዘላኖች ናቸውና ማንንም መጠየቅ፣ ለማንም ምትክ መሬት መስጠት አያስፈልግም ብላችሁ የመብራት ኃይሉን ግድብ ልትጀምሩ ነው። ውሃው እስከዚህ ይደርሳል ብላችሁ በሾላው ግንድ ላይ የቀባችሁት ቀይ ቀለም ከእህቴ ልጅ ከአየለች ቤት ጣሪያ በላይ ነው። አየለች ባሏን ቀብራ፣ ከወንዙ ዳር ባለችው ማሳ ሽንኩርትና በቆሎ እያበቀለች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ይህንኑ ልታመለክት ቢሮዎ ብትመጣ፣ ጸሐፊዎ ጥናቱን ገልጦ «እመቤት፣ እንዲህ ያለ ቤት እዚህ የለም» ብሎ አሰናበታት። እሷም በቀጥታ እኔ ዘንድ መጥታ፣ «ምነው አያ ቢያዝን፣ ታዲያ ዛሬ ጧት ዘግቼው የወጣሁት የማንን በር ነው?» አለችኝ። እኔ ያልተማርሁ ነኝና፣ እርስዎ ይመልሱላት ዘንድ እለምናለሁ።

ጎንደር በመብራት ደምቃ፣ ጥናትዎን በዚያው ብርሃን ዳግም ሲያነቡት ለማየት የምናፍቅ፣ ከሌሉት ሰዎች የአንዷ አጎት፣ ታዛዥዎ፤

ቢያዝን ክንዱ

ማስታወሻ፤ በጥምቀት ሰሞን ለጥናቱ ሲመጡ ዶሮ ወጥ የበሉበትና አጎዛ ተነጥፎልዎ ያደሩበት ቤት፣ ያ የሌለው ቤት ነው። ባርኔጣዎን ረስተውት ስለሄዱ አየለች ከምሰሶው ላይ ሰቅላ አስቀምጣልዎታለች። ቤቱን ካገኙት ገብተው ይውሰዱ፤ ጥናቱንም ያርሙ። ካላገኙት ግን አይጨነቁ፤ ውሃው ሲሞላ ባርኔጣው ተንሳፎ ብቅ ይላልና፣ ቤቱ የት እንደነበረ ያን ጊዜ ያውቁታል።